ከቦሌ እስከ አሥመራ ስንት ነው?
(ስለ ርቀትና ስለ ጉዞ ጊዜ)

በክፍል ውስጥ ከሚነሡ ጥያቄዎች መካከል ቀላል መስሎ መምህሩን ከሚያዋክቡት አንዱ «ከዚህ እስከዚያ ስንት ነው?» የሚለው ነው። ጠያቂው ተማሪ ርቀቱን ይሁን ጊዜውን ለማወቅ የፈለገው ብዙ ጊዜ እሱም ለይቶ አያውቀውም። መምህሩም በበኩሉ ከአፉ የመጣለትን ቁጥር ይሰጥና ያልፋል። ነገሩ ግን እንዲህ በዋዛ የሚታለፍ አይደለም።

እንደሚታወቀው በሀገራችን አነጋገር ርቀትና ጊዜ ተለይተው አይታዩም። ገበያው የት እንደሆነ የተጠየቀ ገበሬ «የግማሽ ቀን መንገድ ነው» ይላል እንጂ ኪሎ ሜትር አይቆጥርም። «ሩቅ ነው ወይ?» ሲባል ደግሞ «ኧረ ቅርብ ነው፣ እዚሁ ነው» ይልና እንግዳው ሁለት ሰዓት ሙሉ ይኳትናል። ይህ አነጋገር ስሕተት ነው ማለታችን አይደለም። ለእግረኛ መንገዱ በጊዜ ቢለካለት ይጠቅመዋል፤ ስንቁን የሚቋጥረው በኪሎ ሜትር ሳይሆን በቀን ነውና። ነገር ግን ነገ ክፍል ገብተን ጂኦግራፊና ሒሳብ የምናስተምር እጩ መምህራን ሁለቱን ነገሮች ለይተን ማወቅ፣ ከዚያም አንዱ ከሌላው ጋር ያለውን ግንኙነት ማስረዳት ይጠበቅብናል።

ለዚህ እትም አንድ ምሳሌ መርጠናል። እሱም በአዲስ አበባው የቦሌ አይሮፕላን ማረፊያና በአሥመራው አይሮፕላን ማረፊያ መካከል ያለው ርቀትና የጉዞ ጊዜ ነው። ለምን ይህን መረጣችሁ ብትሉን ሁለት ምክንያት አለን። አንደኛው ስሌቱ በጠመኔና በጥቁር ሰሌዳ ብቻ የሚሠራ መሆኑ ነው። ሁለተኛውን ምክንያት ጽሑፉ ወደ ማለቂያው ሲደርስ አንባቢው ራሱ ያገኘዋል።

ርቀቱን እንዴት እናገኛለን?

አንድ ቦታ በምድር ላይ የሚገኝበትን ሥፍራ የሚነግሩን ሁለት ቁጥሮች ናቸው። ኬክሮስ ቦታው ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን ወይም ወደ ደቡብ ምን ያህል እንደራቀ ይነግረናል። ኬንትሮስ ደግሞ ከግሪኒች መሥመር ወደ ምሥራቅ ወይም ወደ ምዕራብ ያለውን ያመለክታል። የሁለቱ ማረፊያዎች ቁጥር እንዲህ ነው።

ቦሌ፦ ሰሜን ኬክሮስ 8 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ፣ ምሥራቅ ኬንትሮስ 38 ዲግሪ ከ48 ደቂቃ።
አሥመራ፦ ሰሜን ኬክሮስ 15 ዲግሪ ከ18 ደቂቃ፣ ምሥራቅ ኬንትሮስ 38 ዲግሪ ከ55 ደቂቃ።

እስቲ ኬንትሮሶቹን ልብ ብለን እንመልከታቸው። ልዩነታቸው 7 ደቂቃ ብቻ ነው፤ ይህም በመሬት ላይ ሲለካ 12 ኪሎ ሜትር ያህል ይሆናል። በሌላ አነጋገር አሥመራ ከቦሌ በስተ ሰሜን ቀጥ ብላ ትገኛለች ማለት ይቻላል። ከቦሌ ተነሥቶ አፍንጫውን ወደ ሰሜን ያቀና አይሮፕላን እምብዛም ሳይታጠፍ አሥመራ ይደርሳል። እንግዲህ ርቀቱን ለማግኘት የኬክሮሱን ልዩነት ማወቅ ይበቃናል።

15 ዲግሪ ከ18 ደቂቃ ሲቀነስ 8 ዲግሪ ከ59 ደቂቃ 6 ዲግሪ ከ19 ደቂቃ ይሆናል። (እዚህ ላይ ተማሪዎች የሚሳሳቱት ሲበደሩ ነው፤ አንድ ዲግሪ 60 ደቂቃ እንጂ 100 ደቂቃ አይደለም።) 6 ዲግሪ በ60 ሲባዛ 360፣ 19 ሲደመር 379 ደቂቃ። መርከበኞችና አብራሪዎች የሚጠቀሙበት የባሕር ማይል የሚባለው መለኪያ የተገኘው ከዚሁ ነው፤ የኬክሮስ አንድ ደቂቃ አንድ የባሕር ማይል ነው። አንዱ የባሕር ማይል 1.852 ኪሎ ሜትር ስለሆነ 379 በ1.852 ሲባዛ 702 ኪሎ ሜትር ገደማ እናገኛለን።

ነገር ግን ምድር ፍጹም ክብ አይደለችም፤ ከዋልታዎቿ በኩል ጠፍጠፍ ያለች ናት። በዚህም ምክንያት በእኛ አካባቢ፣ ማለት ለምድር ወገብ ቀረብ ባለው ሥፍራ፣ አንድ የኬክሮስ ዲግሪ 110.6 ኪሎ ሜትር ያህል ሲሆን፣ ዋልታው አጠገብ 111.7 ኪሎ ሜትር ይደርሳል። ይህን አስገብተን ብናሰላው ውጤቱ ወደ 698 ኪሎ ሜትር ዝቅ ይላል። ስለዚህ 700 ኪሎ ሜትር ግድም ብንል አንሳሳትም።

የተውናት 12 ኪሎ ሜትርስ የት ገባች? የሚል ጠንቃቃ ሠልጣኝ አይጠፋም። የፓይታጎረስን ደንብ ያስታውስ። አንዱ ጎን 698፣ ሌላው ጎን 12 የሆነ ባለ ቀጥተኛ ማዕዘን ጎነ ሦስት ብንሠራ፣ ረጅሙ ጎን ከ698 የሚበልጠው በመቶ ሜትር ያህል ብቻ ነው። የጎን ዝንባሌ ትንሽ ሲሆን ርቀቱን ምን ያህል ጥቂት እንደሚጨምረው ለማሳየት ከዚህ የተሻለ ምሳሌ አይገኝም።

ስሌቱን በካርታ ማረጋገጥ ይቻላል። የካርታው መጠን 1 ለ5,000,000 ከሆነ አንድ ሴንቲ ሜትር 50 ኪሎ ሜትርን ስለሚወክል በሁለቱ ከተሞች መካከል በማስመሪያ 14 ሴንቲ ሜትር እናገኛለን። ማስመሪያ የሌለው በክርና በቀሰም ይለካ።

ማስመሪያው የሚዋሸው መቼ ነው?

ከዚህ በላይ ያየነው ለአጭር ርቀት ነው። ሩቅ ለሩቅ ሲሆን ጠፍጣፋው ካርታ ያታልላል። ለምሳሌ ከቦሌ እስከ ዋሽንግተኑ ደለስ አይሮፕላን ማረፊያ በአየር 11,560 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በግድግዳ ካርታ ላይ ሁለቱን በማስመሪያ ብናገናኛቸው መሥመሩ የአፍሪካን ሆድ አቋርጦ ውቅያኖስ ውስጥ ይገባል። ሉል አምጥተን በሁለቱ ከተሞች መካከል ክር ብንወጥር ግን ክሩ ወደ ሰሜን ጎበጥ ብሎ በሰሜን አፍሪካና በደቡብ ምዕራብ አውሮፓ በኩል አልፎ አትላንቲክን ይሻገራል። በክብ ነገር ላይ አጭሩ መንገድ ይህ ነው። ሉል የሌለው ትምህርት ቤት ብርቱካን ወይም ኳስ አያጣምና በዚያ ማሳየት ይቻላል።

ጊዜውስ?

አሁን ወደ ጊዜው እንለፍ። ጄት አይሮፕላን ከፍታውን ይዞ ሲበር በሰዓት 800 ኪሎ ሜትር ያህል ይሄዳል። ተማሪው ወዲያው 700ን ለ800 ያካፍልና «52 ደቂቃ ተኩል!» ይላል። ማካፈሉ ትክክል ነው፤ መልሱ ግን ትክክል አይደለም። ለምን ቢሉ አይሮፕላኑ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው 800 አይሄድም።

ጉዞውን ከፋፍለን እንየው። ቁጥሮቹ ለጥቁር ሰሌዳ እንዲመቹ ብለን የወሰድናቸው ናቸው።

ሀ. አይሮፕላኑ ከቆመበት ተነሥቶ እያኮበኮበ እስከ መነሻው ለመድረስ 10 ደቂቃ።
ለ. ተነሥቶ ከፍታውን እስኪይዝ 20 ደቂቃ፤ በዚህ ጊዜ 200 ኪሎ ሜትር ይሸፍናል።
ሐ. ከፍታውን ይዞ 300 ኪሎ ሜትር በ800 ፍጥነት፤ 22 ደቂቃ ተኩል።
መ. ዝቅ እያለ መጥቶ፣ ተራውን ጠብቆ፣ ዞሮ እስኪያርፍ 25 ደቂቃ፤ በዚህም የቀረውን 200 ኪሎ ሜትር ይጨርሳል።
ሠ. ካረፈ በኋላ መንገደኛ እስከሚወርድበት ቦታ 5 ደቂቃ።

ድምሩ 82 ደቂቃ ተኩል ነው። ማለት አንድ ሰዓት ከሃያ ደቂቃ ግድም። 700 ኪሎ ሜትሩን ለዚህ ጊዜ ብናካፍለው አማካይ ፍጥነቱ በሰዓት 510 ኪሎ ሜትር ያህል ይመጣል። እነሆ 800 የነበረው 510 ሆነ! ስለ አማካይ ፍጥነት ስናስተምር አንዱን ፍጥነት ከሌላው ደምሮ ለሁለት ማካፈል ስሕተት መሆኑን በዚህ ማሳየት ይቻላል። አማካይ ፍጥነት ጠቅላላው ርቀት ለጠቅላላው ጊዜ ተካፍሎ የሚገኝ ነው እንጂ ሌላ አይደለም።

ከዚህ አንድ ተጨማሪ ነገር እንማራለን። አጭር በረራ ከረጅሙ ይልቅ ጊዜ ያባክናል። መነሣትና ማረፍ በ700 ኪሎ ሜትርም በ7,000 ኪሎ ሜትርም የሚወስዱት ጊዜ ብዙ አይለያይምና በአጭሩ ጉዞ ላይ ድርሻቸው ይገዝፋል።

የከፍታና የነፋስ ነገር

ሁለቱ ማረፊያዎች በሚያስደንቅ ሁኔታ በከፍታ እኩል ናቸው ማለት ይቻላል። ሁለቱም ከባሕር ጠለል በላይ 2,330 ሜትር ገደማ ላይ ይገኛሉ። በዚህ ከፍታ የአየር ግፊቱ በባሕር ዳርቻ ካለው ሦስት አራተኛ ያህል ብቻ ነው። አየሩ ሲሳሳ ክንፉም የሚደገፍበት፣ ሞተሩም የሚተነፍሰው ያንሰዋል። በመሆኑም አይሮፕላኑ ከመሬት ለመነሣት በማኮብኮቢያው ላይ ረዘም ላለ ርቀት መሮጥ አለበት፤ ወይም ጭነቱን መቀነስ አለበት። ሙቀት ሲጨመርበት ደግሞ ችግሩ ይብሳል።

ይህ ነገር በአሥመራው አጭር መንገድ ላይ ብዙም አይታይም፤ የሚያስፈልገው ነዳጅ ጥቂት ነውና። በሩቁ ጉዞ ግን ይታያል። ከቦሌ ወደ ዋሽንግተን የሚሄደው አይሮፕላን ለብዙ ዓመታት ነዳጅ ለመሙላት መንገድ ላይ ሲያርፍ፣ ከዋሽንግተን ሲመለስ ግን በቀጥታ ቦሌ የገባው በሁለት ምክንያት ነው። አንደኛ፣ ደለስ ዝቅ ያለ ቦታ ስለሆነ ነዳጁን ሞልቶ መነሣት ይችላል። ሁለተኛ፣ ከምድር ወገብ ራቅ ባሉት አካባቢዎች በከፍታ ላይ ከምዕራብ ወደ ምሥራቅ የሚገሠግሥ ብርቱ ነፋስ አለ። ይህ ነፋስ ሲሄድ ከፊት ይገታል፤ ሲመለስ ከኋላ ይገፋል።

እዚህ ላይ አንዳንድ ተማሪዎች «የጊዜው ልዩነት የሚመጣው ምድር ስለምትዞር ነው» ይላሉ። መምህሩ ይህን ቶሎ ማረም አለበት። ከምድር ጋር አየሩም አብሮ ይዞራል፤ አይሮፕላኑም የሚዋኘው በዚያው አየር ውስጥ ነው። በቆመበት ወደ ላይ የዘለለ ልጅ ከተነሣበት ቦታ ላይ እንደሚያርፍ ሁሉ፣ የምድር መዞር ብቻውን ጉዞውን አያሳጥርም፣ አያስረዝምም። ልዩነቱን የሚያመጣው ነፋስ ነው። የአሥመራው መንገድ ሰሜንና ደቡብ ስለሆነ ከምሥራቅም ሆነ ከምዕራብ የሚነፍሰው ነፋስ ከጎን ይመታዋል እንጂ ከኋላ አይገፋውም። ለዚህ ነው የመሄጃውና የመመለሻው ጊዜ ተቀራራቢ የሚሆነው።

የሰዓት አቆጣጠር

ሁለቱ ከተሞች በአንድ ክፍለ ሰዓት ውስጥ ናቸው፤ ሁለቱም ከግሪኒች በ3 ሰዓት ይቀድማሉ። ስለዚህ መንገደኛው ሰዓቱን ማስተካከል የለበትም። ጣጣው ያለው ሌላ ቦታ ነው። ትኬት ላይ የሚጻፈው ሰዓት ከእኩለ ሌሊት ጀምሮ ይቆጠራል፤ እኛ ደግሞ ከንጋት ጀምረን እንቆጥራለን። ትኬቱ 10፡30 ካለ በእኛ አነጋገር ከጠዋቱ 4 ሰዓት ተኩል ነው። ከሰዓት በኋላ 10 ሰዓት ተኩል መስሎት ቤቱ ምሳውን አጣጥሞ የሚወጣ መንገደኛ ማረፊያው ሲደርስ አይሮፕላኑ ሄዶ፣ ደርሶ፣ ምናልባትም ተመልሶ ይሆናል! 10፡30 ተነሥቶ አንድ ሰዓት ከሃያ የሚበር አይሮፕላን 11፡50 ይደርሳል፤ በእኛ 5 ሰዓት ከ50 ነው። ከትኬቱ ላይ 6 መቀነስን ለተማሪ ማስተማር ቀላል ትምህርት ነው፤ ጥቅሙ ግን ቀላል አይደለም።

አይሮፕላኑና መንገደኛው

እስካሁን የቆጠርነው የአይሮፕላኑን ጊዜ ነው። የመንገደኛው ጊዜ ሌላ ነው። ወደ ሌላ ሀገር የሚሄድ ሰው ከበረራው በፊት ከሁለት እስከ ሦስት ሰዓት ቀድሞ እንዲገኝ ይጠየቃል። ሻንጣው ይፈተሻል፣ ይመዘናል፤ ፓስፖርቱና ቪዛው ይታያል። ሲደርስም እንደገና ፓስፖርት ያሳያል፣ ሻንጣውን ይጠብቃል፣ በጉምሩክ ያልፋል። ከቤቱ እስከ ማረፊያው ያለውም መንገድ አለ። ይህ ሁሉ ሲደመር የአንድ ሰዓት ከሃያው በረራ የአምስትና የስድስት ሰዓት ጉዞ ይሆናል።

እንግዲህ «ስንት ነው?» ለሚለው ጥያቄ አሁን ሦስት መልስ አገኘን ማለት ነው። 700 ኪሎ ሜትር፣ አንድ ሰዓት ከሃያ፣ እና ግማሽ ቀን። ሦስቱም ትክክል ናቸው፤ የሚለያዩት በሚመልሱት ጥያቄ ነው።

ያው ርቀት፣ ልዩ ልዩ ጊዜ

አሁን ደግሞ ይህን 700 ኪሎ ሜትር በታሪክ ውስጥ እንከተለው።

መሬት ለመሬት ሲኬድ መንገዱ 700 ኪሎ ሜትር አይደለም። ተራራውን እየዞረ፣ ሸለቆውን እየወረደና እየወጣ፣ በደሴ፣ በመቀሌና በአዲግራት በኩል ሲደርስ ከ1,000 ኪሎ ሜትር በላይ ይሆናል። በቀን 30 ኪሎ ሜትር የሚጓዝ የበቅሎ መንገደኛ ከወር በላይ ይፈጅበታል። በቀን 400 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አውቶቡስ ሁለት ሌሊት መንገድ ላይ አድሮ በሦስተኛው ቀን ይገባል።

የኢትዮጵያ አየር መንገድ የመጀመሪያውን በረራ ያደረገው መጋቢት 30 ቀን 1938 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሚያዝያ 8 ቀን 1946) ሲሆን፣ መድረሻው ካይሮ፣ በመንገዱ ላይ ያረፈባት ከተማም አሥመራ ነበረች። ያን ጊዜ ቦሌ ገና አልተሠራም፤ አይሮፕላኖች ይነሡ የነበረው ከልደታ ሜዳ ነው። አይሮፕላኑ ባለ ሁለት ሞተር ዳግላስ ነበር። በሰዓት 270 ኪሎ ሜትር ያህል ሄደ ብንል ከአዲስ አበባ አሥመራ ለመድረስ ሁለት ሰዓት ተኩል ግድም ይፈልጋል። እ.ኤ.አ. በ1962 ማብቂያ ላይ ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ሲመጡ ጊዜው በግማሽ ገደማ አጠረ። የወሩ መንገድ ሦስት ቀን፣ ሦስቱ ቀን ሁለት ሰዓት ተኩል፣ ያም አንድ ሰዓት ከምናምን ሆነ። እስከዚህ ድረስ ታሪኩ ወደ አንድ አቅጣጫ ብቻ ይሄዳል፤ ሰው እየተማረ፣ መሣሪያው እየተሻሻለ፣ ጊዜውም እያጠረ።

ቀጥሎ ያለው ግን ከሞተርና ከክንፍ ጋር የተያያዘ አይደለም። ኤርትራ በግንቦት 1985 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1993) ነፃነቷን በይፋ ስታውጅ በሁለቱ ማኮብኮቢያዎች መካከል ያለው ርቀት አንዲት ስንዝር አልጨመረም፤ ይሁን እንጂ በረራው የሁለት ሀገሮች በረራ ሆነ። በ1990 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 1998) ጦርነት ሲነሣ ደግሞ መንገዱ ጭራሹኑ ተዘጋ። የምድሩ መንገድ ተዘጋ፣ የአየሩ መንገድ ተዘጋ፣ ቀጥታ የስልክ መስመርም ተቋረጠ። የጦርነት ማቆሚያ ስምምነቱ በታኅሣሥ 1993 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. 2000) በአልጀርስ ቢፈረምም መንገዱ አልተከፈተም።

በዚያን ጊዜ ወረቀቱ ተሟልቶለት፣ ገንዘቡም ኖሮት ከአዲስ አበባ አሥመራ መሄድ የሚችል ሰው በሦስተኛ ሀገር በኩል መዞር ነበረበት። በካይሮ በኩል የሚሄደውን እናስላው። ከአዲስ አበባ ካይሮ 2,470 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከካይሮ አሥመራ ደግሞ 1,820 ኪሎ ሜትር ያህል። ድምሩ 4,290 ኪሎ ሜትር። 700 ኪሎ ሜትር የነበረው ከስድስት እጥፍ በላይ ሆነ ማለት ነው! መንገደኛው ወደ ሰሜን ሲበር የአሥመራን ኬክሮስ አልፎ ሄዶ፣ ካይሮ ላይ ሰዓታት ጠብቆ፣ እንደገና ወደ ደቡብ ይመለሳል። በዚህ ስሌት በረራው ብቻ ከስድስት ሰዓት በላይ ሲሆን መጠበቂያው ሲታከልበት ቀኑን ሙሉ ይወስዳል። ይህም ለቻለው ነው። ላልቻለው ደግሞ ጉዞው የሰባት ሰዓት ወይም የሰባት ቀን ሳይሆን የሃያ ዓመት ነበር። ባልና ሚስት፣ እናትና ልጅ፣ ወንድምና እህት አንዱ እዚህ ሌላው እዚያ ቀርተው ድምፅ እንኳ ሳይሰማሙ ኖረዋል።

በሐምሌ 2 ቀን 2010 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. ሐምሌ 9 ቀን 2018) የሁለቱ ሀገሮች መሪዎች በአሥመራ የሰላምና የወዳጅነት መግለጫ ፈረሙ። በዚያው ሰሞን ቀጥታ የስልክ መስመር ተከፈተ። ሐምሌ 11 ቀን ደግሞ ከሃያ ዓመት በኋላ የመጀመሪያው የመንገደኞች በረራ ከቦሌ ወደ አሥመራ ሄደ። የመንገደኛው ቁጥር ከመብዛቱ የተነሣ በዚያው ዕለት ሁለት አይሮፕላኖች ተላኩ። በአሥመራ ማረፊያ ላይ ተቃቅፈው ያለቀሱት፣ ተንበርክከው መሬት የሳሙት ሰዎች ምስል በዓለም ዙሪያ ታይቷል። ሃያ ዓመት የፈጀው መንገድ ከአንድ ሰዓት ተኩል ባነሰ ጊዜ አለቀ።

ይህም ሆኖ አልዘለቀም። ከስድስት ዓመት በኋላ፣ ነሐሴ 28 ቀን 2016 ዓ.ም. (እ.ኤ.አ. መስከረም 3 ቀን 2024)፣ የኢትዮጵያ አየር መንገድ የአሥመራ በረራውን አቋረጠ። ያ ዕለት ሲነጋም ሲመሽም ከቦሌ እስከ አሥመራ 700 ኪሎ ሜትር ነበር።

ከዚህ የምንማረው ምንድን ነው?

አንደኛ፣ ርቀትን የወሰነችው ምድር ናት፤ ጊዜን ግን የሚወስነው ብዙ ነገር ነው። ከፊሉ የተፈጥሮ ነው፤ ከፍታና ነፋስ። ከፊሉ የሙያ ነው፤ ሞተርና ማኮብኮቢያ። ከፊሉ ደግሞ የሰው ስምምነት ነው። ሦስተኛው ሲጠፋ የፊተኞቹ ሁለቱ ዋጋ የላቸውም። የቱንም ያህል ፈጣን አይሮፕላን ቢሠራ የተዘጋን መንገድ አያሳጥርም።

ሁለተኛ፣ ይህን ትምህርት ለማስተማር አይሮፕላን ማየት አያስፈልግም። የዓባይን በረሃ እንውሰድ። ከጎሐ ጽዮን እስከ ደጀን ለአሞራ 20 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ በመኪና መንገድ ግን ቁልቁለቱና ዳገቱ ተደምሮ ወደ 40 ኪሎ ሜትር ይሆናል። በየመንደሩም ማዶ ለማዶ እየተያዩ፣ ሲጠራሩ እየተሰማሙ፣ ለመገናኘት ግን ግማሽ ቀን የሚፈጅባቸው ሰዎች አሉ። ተማሪዎች የራሳቸውን አካባቢ ካርታ ሥለው «ለአሞራ ስንት? ለእግረኛ ስንት? ክረምት ወንዙ ሲሞላስ?» ብለው ቢሠሩት ከመጽሐፍ ከሚያነቡት ይልቅ ይገባቸዋል።

ሦስተኛ፣ መምህር ሆነን ስንቆም ጥያቄውን ብቻ ሳይሆን ጠያቂውንም እንመልከት። «አሥመራ ስንት ነው?» የሚለው ልጅ ለፈተናው ቁጥር ፈልጎ ሊሆን ይችላል፤ ለሱ 700 ኪሎ ሜትር ይበቃዋል። ምናልባት ግን አያቱ፣ አክስቱ ወይም አባቱ እዚያ ያሉ ልጅ ይሆናል። ለዚህ ልጅ ቁጥሩን በትክክል ከመስጠት አንቆጠብ፤ ሩቅ አለመሆኑን ማወቅ ይገባዋልና። ነገር ግን ቁጥሩን ጽፎ ጠመኔውን ማስቀመጥ ብቻውን አይበቃም። «ይህን ያህል ቅርብ ከሆነ ታዲያ ለምን አንሄድም?» ብሎ ቢጠይቅ፣ ጥያቄው ከርዕስ የወጣ ሳይሆን የትምህርቱ ዋና ፍሬ መሆኑን እንወቅ። ታሪኩን ከነዓመተ ምሕረቱ፣ ማንንም ሳንሰድብና ሳናሽሟጥጥ እናስረዳው።

ለሠልጣኞች የቀረበ ጥያቄ

የናይሮቢው ጆሞ ኬንያታ አይሮፕላን ማረፊያ የሚገኘው በደቡብ ኬክሮስ 1 ዲግሪ ከ19 ደቂቃ፣ በምሥራቅ ኬንትሮስ 36 ዲግሪ ከ56 ደቂቃ ላይ ነው። ከቦሌ ናይሮቢ በአየር ስንት ኪሎ ሜትር ነው? ከመቀነስ በፊት ናይሮቢ ከምድር ወገብ በየትኛው ወገን እንዳለች ልብ በሉ። እዚህ ደግሞ የኬንትሮሱ ልዩነት እንደ አሥመራው የሚናቅ ስላልሆነ ፓይታጎረስ ያስፈልጋል። ከዚያም ከላይ በሰጠነው አከፋፈል መሠረት የበረራውን ጊዜ አስሉ። 1,160 ኪሎ ሜትርና ሁለት ሰዓት አካባቢ ያገኘ ሠልጣኝ በትክክለኛው መንገድ ላይ ነው። 850 ኪሎ ሜትር ያህል ያገኘ ግን የምድርን ወገብ ሳይሻገር ቀርቷልና ተመልሶ ይሥራው።